እስከ ዓይኑ የሞላው ወተት

ወንድሜ ከውስጥ ወደ ውጭ እየነጣ መሆኑን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እሱ ዓመት ከመንፈቁ፤ ጡት ከጣለ ስድስት ወሩ። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ቤቱ በሙሉ "ሹሙ" ነበር የሚለው። ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር አራት አዋቂ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጥ ስለነበር ስሙ አልበዛበትም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከመንገድ ሲገባ የመጀመሪያው ክፍል የእሷና የስፌት መኪናዋ ነው፤ የመኪናው ድምፅ ከተቋረጠ ወይ ደንበኛ መጥቷል ወይ ክር ተበጥሷል። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው። አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ከቁም ሣጥን የማትሰፋ ሱቅ ነበረችው፤ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ እየረሳው እራት ይበላ ነበር። ታላቅ እህቱን ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ሠላሳ ዓመት በአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ ወደ እኛ መጣች፤ ከአራት መቶ ሰው በታች መመጠን አትችልም። ግቢው የእማማ ነው። እማማ አከራያችን ናቸው፤ ፊት ለፊታችን ከአንዲት ግራጫ ፍየል ጋር ይኖራሉ።

ሹሙ ጡት የጣለ ሰሞን ጉባኤ ተቀመጠ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ልጁ የምን ወተት ይጠጣ?

"የላም ነዋ!" አለች እትዬ። "ትኩሱን ከጎረቤት አምጥቶ ሦስት ጊዜ ማፍላት ነው። እኔም ወንድሜም በሱ ነው ያደግነው፤ ይኸው አጥንታችን።" እጅጌዋን ሰብስባ አጥንቷን አሳየች። አጥንቱ በሥጋ ተሸፍኖ አልታየንም፤ ማንም ግን አልተከራከራትም።

እማማ ወደ ጉባኤው አልተጠሩም፤ በሩ ክፍት ስለነበር ገቡ። "ለልጅ ሆድ ቀሊሉ የፍየል ነው። ለናንተ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ጠጪ አጥቼ አይደለም።"

እናቴ ተራ በተራ አየቻቸውና "ይሄ... የቆርቆሮው ዱቄትስ?" አለች። ሐሳብ የምታቀርብ ሳይሆን ይቅርታ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው።

አባቴ ቆርቆሮውን አንሥቶ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደና ዙሪያውን አነበበው። መስመርና ቁጥር ያለበትን ነገር ያምናል። "ይሄ ልኩ ተጽፎበታል። ጠዋት አንድ፣ ሲተኛ አንድ። ይሄ ይሁን።"

"እሺ" አለች እትዬ።

"እሺ፣ መልካም" አሉ እማማ።

በእኛ ቤት "እሺ" ማለት ሰማሁ እንጂ አደርገዋለሁ ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ።

በነጋታው እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ሹሙን ጭኗ ላይ አጋድማ ጡጦ አጉርሳዋለች። ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ እንደተከደነ ነው። አየችኝ።

"ነይ እስቲ የኔ ሆድ። አፈር ስሆን ለእናትሽ እንዳትነግሪ። አንዲት ጡጦ ናት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ። ከነገርሻት ናቀችኝ ብላ ታዝናለች፤ እኔ ደግሞ የሰው ማዘን አልወድም።" አንድ እፍኝ ስኳር መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ለአራት መቶ ሰው የለመደ እጅ ነውና ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ጠሩኝ። "ሹሙን ይዘሽልኝ ነይማ፣ ፍየሏን ይያት።" ይዤው ሄድኩ። ፍየሏን አየ። ፍየሏም አየችው። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር ጡጦ ወጣ። "እናትሽ ብትሰማ 'አከራይ ስለሆነች ልጄም ላይ ታዝዛለች' ትላለች። በልጄ ይዤሻለሁ፤ ሆድ ይፍጀው።" ለኔም የፍየሏን ጆሮ እንድነካ ፈቀዱልኝ።

አባቴ ሥራ ውሎ ሲገባ እጁን ታጥቦ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ቆርቆሮውን አወረደ። በልክ የሚያምነው ሰውዬ፣ አንዲት ብሎን ከሩብ ዙር በላይ የማያጠብቀው ሰውዬ፣ ማንኪያውን እስኪቆለል እየሞላ ጨመረ። "እናትሽ ውሃ ታበዛበታለች መሰለኝ" አለኝ በሹክሹክታ። "ብነግራት ደግሞ 'አማኸኝ' ትላለች። ይሄ ባንቺና በኔ መሀል ይቅር።" የኪስ ሰዓቱን ጆሮዬ ላይ አስደመጠኝ።

እናቴም አለች። የጠዋቱና የመኝታው የእሷ ድርሻ ነበር፤ ግን ቀትር ተሻግሮ ሹሙ ሲነጫነጭ በአንድ እግሯ መኪናውን እየረገጠች በአንድ እጇ ጡጦ ትይዝለት ነበር። "ካለቀሰ እትዬ 'ልጁን አስራበችው' ትለኛለች" አለች። ለኔ ስኳርም ፍየልም አላቀረበችልኝም። አየችኝ ብቻ፤ በቃኝ።

እንግዲህ ቁጥሩን የማውቅ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት አንድ፣ እኩለ ቀን አንድ፣ ቀትር ተሻግሮ አንድ፣ ፍየሏ ጋ አንድ፣ አባቴ ሲገባ አንድ፣ መኝታ ላይ አንድ። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ድንች ቢሉት አይሆንም፣ እንቁላል ቢሉት አይሆንም። ያን ጊዜ እያንዳንዳቸው፣ ለየብቻቸው፣ "ምግብ እንቢ ካለ ወተቱን እንኳ ይጠጣ እንጂ" ይሉና አንድ ጡጦ ደበቅ አድርገው ይሰጡታል። ዛሬ ሳስበው አራቱም ለየብቻቸው ትክክል ነበሩ። ሲደመሩ ነው የተሳሳቱት።

ለምን አልተናገርኩም? ቤተሰቡ "ሬዲዮ" ነበር የሚለኝ። እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል፤ "ሬዲዮኗ መጣች" ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ምሥጢር ያካፈለኝ ሰው አልነበረም። አሁን በአንድ ጊዜ አራት አዋቂ ሰው አመነኝ። ሰው እንዲህ ያለውን ክብር አግኝቶ በወሬ አያበላሽም።

የወንድሜ መልክ ግን መለወጥ ጀመረ። ጉንጩ ሙሉ ነው፣ ክንዱ እጥፍጥፍ ያለ ነው፤ እንግዳ ሁሉ "እንዴት ያለ ልጅ! ወተት እኮ ነው" ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ጆሮው ነጣ። ቀጥሎ ከንፈሩ። ቀጥሎ መዳፉ። በራሱ አምስት እርምጃ መሄድ ጀምሮ የነበረው ልጅ መራመዱን ተወና ሹመቱን ተቀምጦ ያስተዳድር ገባ። ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ብርጭቆ ውስጥ ወተት ሲቀዳ ከታች ወደ ላይ እንደሚሞላው ሁሉ፣ ወንድሜም እየሞላ ነው። ወተቱ ቆዳው ሥር ደርሷል።

አንድ ቀን ደግሞ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ሲልስ አገኘሁት። ምላሱን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በደስታ። ነጭ የጎደለው ይመስል!

የደም ማነስ ያለበት ሕፃን ኖራና አፈር እንደሚያምረው ያነበብኩት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ግን ከሞላ አይቀር እስከ አፉ ጢም ማለት ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ።

ነገሩ የወጣው በትራስ ልብስ ነው። እናቴ ነጭ የትራስ ልብስ እየሰፋች ሳለ ሹሙ እግሯ ሥር ተቀምጦ መዳፉን ጨርቁ ላይ አሳረፈ። መኪናው ዝም አለ። ደንበኛ አልመጣም፤ ክርም አልተበጠሰም። እናቴ የልጁን መዳፍ እያየች ነበር፤ እጁ የት ጀምሮ ጨርቁ የት እንደሚያበቃ የምትፈልግ ትመስላለች።

"እትዬ!" አለች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ጤና ጣቢያ የሄድነው ሁላችንም ነን። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ። እማማ የመጡት ቢቀሩ ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው። እኔ የተወሰድኩት ቤት የሚጠብቀኝ ስለጠፋ ነው። ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ የደከመ ሴት ነበረች፤ እስክሪብቶዋ በክር ከጠረጴዛው ጋር ታስሯል። ሹሙን መዘነችው። ክብደቱ መልካም ነው። ጣቱን ወግተው ደም ወሰዱና ወረቀት መጣ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፣ ሹሙን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች።

"የደሙ መጠን ሰባት ተኩል" አለች። "ከአሥራ አንድ መውረድ አልነበረበትም። የደም ማነስ አለበት፤ ቀላልም አይደለም።"

ከዚያ አውራ ጣቷን ከዓይኑ በታች አድርጋ የታችኛውን ቆብ ገለጠችው። እኔ ጠረጴዛውን ተደግፌ ነበርና አየሁት። ውስጡ ነጭ ነው።

እዚያ ደርሷል፣ አልኩ በልቤ። ከዓይን በላይ ደግሞ ግንባር ብቻ ነው ያለው።

"ተቅማጥ አለው? ሰገራው ላይ ደም አይታችኋል?"

"የለም፣ ዶክተር።"

"ምግብ ይበላል?"

"ትንሽ ትንሽ..." አለች እናቴ።

"አፈር፣ ግድግዳ፣ እንደዚህ ያለ ነገር?"

"ኧረ የለም!" አለ አባቴ፤ በቤቱ ንጽሕና የተሰደበ መስሎት።

"ወተት በቀን ስንት ጡጦ?"

"ሁለት" አለች እናቴ።

"ሁለት" አለ አባቴ።

"ሁለት ነው፤ የቆርቆሮው፣ ልኩ የተጻፈበት" አለች እትዬ።

እማማ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የራሱን አንድ ጡጦ ከመደበቁ በቀር የዋሸ ሰው አልነበረም።

ሐኪሟ ተነፈሰች። "እንግዲህ ደሙ የት እየሄደ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ውስጥ ለውስጥ እየደማ ይሆናል፤ ደሙን የሚያመርተው ክፍል ታሞም ይሆናል። እዚህ ይሄን መመርመር አንችልም። ለትልቁ ሆስፒታል እጽፍላችኋለሁ፤ ያስተኙታል፤ ደም ሊሰጡት ይችላሉ።" እስክሪብቶዋን አነሣች።

እናቴ ሹሙን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እትዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አባቴ አጉሊ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ያለ ምክንያት ይጠርገው ጀመር።

እኔ ሌላ ነበር የጨነቀኝ። ደም ሊጨምሩበት ነው፤ ልጁ ግን ሙሉ ነው። የት ይገባል?

"ስድስት ነው" አልኩ።

"ዝም በይ፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አለች እትዬ።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። "ምኑ ነው ስድስት?"

ጣቶቼን ዘረጋሁ። "ጠዋት እማዬ፣ የቆርቆሮ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ፣ የላም።" የእናቴ ራስ ወደ እትዬ ዞረ። "ከዚያ እማዬ እንደገና።" የእትዬ ራስ ወደ እናቴ ዞረ። "ከዚያ እማማ፣ የፍየል።" ሁለቱም ወደ እማማ ዞሩ፤ እማማ ወደ መስኮቱ። "ከዚያ አባዬ፣ ማንኪያው ተቆልሎ።" አሁን ሦስቱም ወደ አባቴ። "ሲተኛ ደግሞ እማዬ። ግድግዳም ይልሳል። ኖራውን።"



"እውነቷን ነው?" አለች ሐኪሟ።

"አንዲት ጡጦ እኮ ናት!" አለች እትዬ።

"እኔም አንድ ነው" አለ አባቴ።

"እኔስ ለፍየሏ ብዬ..." አሉ እማማ፤ አልጨረሱትም።

ሐኪሟ ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አለች። "እስከ ዛሬ ሳትነግሪ ዛሬ ምን አናገረሽ?"

"ዓይኑ ጋ ስለደረሰ።"

"ምኑ?"

"ወተቱ።"

የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ግን አልሳቀችም። "እንግዲህ ከሞላ ጎደል ልክ ነሽ" አለች። እስክሪብቶውን አስቀምጣ ለአዋቂዎቹ እንደ ልጅ አስረዳቻቸው። ወተት ጥሩ ነው፤ ግን ደም የሚሠራበት ብረት የለውም ማለት ይቻላል። በቀን ስድስት ጡጦ የሚጠጣ ሆድ ለምግብ ቦታ የለውም። ልጁ ጠግቦ እየተራበ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወተት በቀን ሁለት ኩባያ፣ ያውም ከምግብ በኋላ፤ ጡጦው ይጣል፤ ምስር፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ቅጠል ይብላ፤ የብረት ሽሮፕ ይውሰድ። የሪፈር ወረቀቱን አልቀደደችውም። መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። "ሁለት ሳምንት ሞክሩና አምጡት። ካልተሻለው እጽፋለሁ።"

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ዶክተር፣ የትኛው ወተት ይሁን ታዲያ?" አለ።

"ከፈላ ሦስቱም ደህና ነው። አንዱን ምረጡ።"

የተመለስነው በእግራችን ነው። እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላ ነበርኩ። የአራት ሰው ምሥጢር በአንድ ትንፋሽ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ምሥጢር ቀርቶ ጨው አቀብይ የሚለኝ እንደማይኖር ገብቶኛል። ቤት ስንደርስ እትዬ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። እናቴ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ያለ ጨርቅ ትረግጥ ጀመር። አባቴ ጡጦዎቹን ሰብስቦ አንድ በአንድ አጠባቸው፤ ሊጥላቸው ነው፤ ግን አጠባቸው። አንድም ሰው ወደኔ አላየም። ጠልተውኛል ብዬ ደመደምኩ።

ልጅ ወልጄ የምን ወተት ልስጣት ብዬ እናቴን የጠየቅኳት ቀን ነው ይህን ያነሣሁባት። ደንግጣ አየችኝ። "አንቺን? ያን ቀን? ልጄ፣ አፍሬ እኮ ነው። አራታችን የሰባት ዓመት ልጅ ላይ የጫንነውን ሳስበው ቀና ብዬ ላይሽ አቃተኝ። እትዬስ በሯን ዘግታ ስታለቅስ አልነበር?" ስለ ወተቱ ደግሞ፣ "የፈለግሽውን ስጫት" አለችኝ፤ "ብቻ ሌላ ማን እየሰጣት እንደሆነ ጠይቂ።"

ውጤቱንም ልናገርና ልገላገል፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰባት ተኩሉ ዘጠኝ ሆነ። ሐኪሟ ከመሳቢያዋ ወረቀቱን አውጥታ ያን ጊዜ ቀደደችው። ሹሙ ዛሬ ከበር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ይህን ማንም አያውቅም። ሁሉም ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮው፣ የላሙ ማሰሮ፣ የፍየሏ ትንሽ ጣሳ ተደረደሩ።

"እንግዲህ አንዱን እንምረጥ" አለ አባቴ።

"የእትዬ ይሁን" አለች እናቴ። "እርስዎ ያሉት ነው ትክክል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።"

"በሞቴ! የኔማ አይሆንም!" አለች እትዬ። "ለልጅ ሆድ የእማማ ነው የሚሻለው። ፍየል ቀሊል ነው።"

"እኔ ምን አገባኝ እናንተ!" አሉ እማማ። "የእናቱ ይሁን። ልኩ የተጻፈበት እያለ ፍየል ምን ታውቃለች?"

"ኧረ እማማ፣ አያሳፍሩኝ!"

"ኧረ አንቺ አታሳፍሪኝ!"

ሁሉም የሌላውን ወተት እያነሣ ያሞግሳል። ጉባኤው ላይ ያልተከራከሩትን ያህል አሁን ተከራከሩ። ከመሀላቸው አንዱ ለሌላው አክብሮት ሲል ከሦስቱ ወተት አንዱን ምድጃ ላይ ጥዶታል፤ ክርክሩ ግን አላቆመም።

እኔ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጬ ምሳዬን እበላ ነበር፤ ዳቦ በምስር ሾርባ። የመጨረሻ ምሳዬ ይሆናል ብዬ ቀስ እያልኩ ነው የምበላው። ሹሙ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ወተት አልቀመሰም፤ ማን ይስጠው የሚለው ገና አልተወሰነም። በቂጡ እየተንፏቀቀ መጣ። ሳህኔን አየ። እኔን አየ። እጁን እስከ አንጓው ሾርባው ውስጥ ከተተና የረጠበ ዳቦ ይዞ ወጣ። አፉ ውስጥ ከተተው።

አዋቂዎቹን ልጥራቸው አልኩ። ተናግሬ ያተረፍኩትን አይቻለሁና ዝም አልኩ። ሳህኑን ብቻ ወደሱ ገፋ አደረግኩለት።

መጀመሪያ የሰማው አባቴ ነው፤ ጆሮው የሰዓት ጆሮ ነው። እጁን አነሣ። ክርክሩ ቆመ። አራቱም ዞሩ። ሹሙ አገጩ በምስር ቀልቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ያኝካል። ዋጠ። እንደገና እጁን ሳህኔ ውስጥ ከተተ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በሌላ እጇ ትከሻዬን አጥብቃ ያዘችኝ፤ ልትቀጣኝ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከኋላችን ወተቱ ገነፈለ። ጽስስስ አለ፣ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ ጭስ ቤቱን ሞላው። ወተት ሲያፈሉ የኖሩ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ማንም አልተነሣም። የማን ወተት እንደነበረም እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እያንዳንዳቸው "የሌላዋ ነበር" እንዳሉ ነው።